ቀስ ብሎ መተንፈስ፦ ከወንጪ አፋፍ የሚጀመር ልምምድ

ከአምቦ ተነስተው በወሊሶው መንገድ ሽቅብ ወጥተው ወንጪ አፋፍ ላይ ከመኪና ሲወርዱ ዓይንዎ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ሰውነትዎ ግን ሌላ ጉዳይ ይዟል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ወደ 70 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አንገት ላይ፣ ትልልቆቹ የደም ቧንቧዎች በሚከፈሉበት ቦታ ያሉ ጥቃቅን ጠቋሚዎች ጉድለቱን ቶሎ ለይተው ለአንጎል ግንድ ያሳውቃሉ። ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ልብም ይከተለዋል። አንዱ ይህን ድካም ይለዋል፣ ሌላው ምክንያቱን ያላወቀው ፍርሃት ፍርሃት ይለዋል።

የትንፋሽ ልምምድን እዚህ መጀመርን የምመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዝቅ ባለ ቦታ ሳናስተውለው የሚያልፈው ነገር ወንጪ ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ትንፋሽ ሲፈጥን ልብ እንደሚከተል፣ ልብ ሲፈጥን ደግሞ ሐሳብ እንደሚረበሽ ያለ አስተማሪ ያዩታል። ከዚያ መንገዱን ገልብጦ መሄድ ነው፦ ትንፋሽን አዘግይቶ ልብን፣ ልብን አዘግይቶ ሐሳብን ማረጋጋት።

ዮጋ ውስጥ ይህ ዘርፍ ፕራናያማ ይባላል። ሕንዶች ለብዙ ዘመን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲያስተላልፉት ኖረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው ሐታ ዮጋ ፕራዲፒካ ዘዴዎቹን በዝርዝር አኑረዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ስዋሚ ኩቫላያናንዳ ሎናቫላ በምትባል ከተማ ካይቫልያዳማ የተባለውን ተቋም መሥርቶ የዮጋን ትንፋሽ በላቦራቶሪ መሣሪያ መለካት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ብዙ ነው። ከሁሉም የምይዘው ዋና ነገር ግን አንድ ነው፦ ልብ፣ አንጀት፣ የላብ ዕጢ፣ የደም ሥር ሁሉ ያለ ፈቃዳችን በሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ይመራሉ፤ ትንፋሽ ብቻ ሁለት ጌታ አለው። ተኝተንም ይቀጥላል፣ ስንፈልግ ደግሞ ይታዘዘናል። ልብዎን "ቀስ በል" ቢሉት አይሰማዎትም። በትንፋሽ በኩል ከነገሩት ግን ይሰማል። በተለይም በሚያስወጡት ትንፋሽ።

ከመጀመርዎ በፊት

አፋፉ ላይ እንደደረሱ ወዲያው አይጀምሩ። ሻይ ይጠጡ፣ ጋቢዎን ይደርቡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ከቆላ የመጡ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብለው ይረፉበት። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር የሚይዛቸው ሰዎች አሉ፤ ይህ የከፍታ ሕመም ነው፣ በትንፋሽ ልምምድ አይታለፍም። እየባሰ ከሄደ መፍትሔው ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ መውረድ ነው።

ሆድ ሲሞላ ድያፍራም፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየው ትልቁ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ታች ለመውረድ ቦታ ያጣል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይጠብቁ። የጾም ቀን ከመፈታቱ በፊት ያለው ሰዓት በጣም ይመቻል። ቡናን ከልምምዱ በኋላ ያድርጉት፤ አንድ ስኒ የልብን ምት ሊያፋጥን ስለሚችል መጀመሪያ ላይ ለውጡን ለመለየት ያስቸግራል።

አቀማመጥ ላይ አይጨነቁ። እግር አነባብሮ መቀመጥ የማይሆንልዎ ከሆነ በርጩማ፣ ድንጋይ፣ የሎጅ ወንበር ይበቃል። ወገብዎ ቀጥ ይበል፣ ትከሻዎ ይውረድ፣ ቀበቶዎ ይላላ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። የወንጪ ሌሊት ይበርዳል፣ ብዙ ሰውም ከሰል አቀጣጥሎ በር ይዘጋል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከደም ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ አጥብቆ ይያያዛል፣ ያደነዝዛል፣ ይገድላል። ጢስ ባለበት ጎጆ ወይም ከሰል ባለበት ክፍል ጥልቅ ትንፋሽ አይለማመዱ። ደጅ ይሁን፣ ካልሆነም መስኮት ይከፈት።

መጀመሪያ የልብዎን ምት ያግኙ

የቀኝ እጅዎን ሁለት ጣቶች በግራ እጅዎ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ያኑሩ። ምቱን ካገኙ በኋላ ምንም ሳይለውጡ ጥቂት ጊዜ ይከታተሉት። ቀጥለው በአፍንጫዎ በረጅሙ ያስገቡ፣ ከዚያ በዝግታ ያስወጡ። ምቱ ሲያስገቡ ጠጋ ጠጋ፣ ሲያስወጡ ራቅ ራቅ ማለቱን ልብ ይበሉ። በወጣቶች ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል፣ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። ይህ የልብ ሕመም ምልክት አይደለም፤ የነርቭ ሥርዓትዎ በአግባቡ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ይህን የሚያደርገው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት አልፎ ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጨጓራና አንጀት ይወርዳል። የማረጋጊያው የነርቭ ክፍል፣ በሐኪሞች አጠራር ፓራሲምፓቴቲክ፣ ዋነኛ መስመር ይኸው ነው። ልብ የነርቭ ትእዛዝ ባይደርሰው በራሱ በደቂቃ ወደ 100 ጊዜ ገደማ ይመታ ነበር፤ ቁጭ ባልንበት 70 አካባቢ የሚሆነው ቬገስ እንደ ፈረስ ልጓም ስለሚይዘው ነው። አየር ስናስገባ ልጓሙ ለአፍታ ይላላል፣ ስናስወጣ ይጠብቃል። ነርቮች ይህን የሚያደርጉት በኬሚካል አማካይነት መሆኑን ኦስትሪያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኦቶ ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1921 በእንቁራሪት ልብ አሳይቷል። የአንዱን ልብ ቬገስ ነክቶ ምቱን አዘገየ፣ ልቡ ተዘፍዝፎበት የነበረውን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ሲያዛውረው ያም ዘገየ። ለዚህ ሥራው በ1936 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን ነው። እርስዎ በዝግታ ባስወጡ ቁጥር እዚያው ደረትዎ ውስጥ ይለቀቃል።

ይህን በራስዎ ጣት ሳይዳስሱ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

በአፍንጫ፣ በሆድ

አንድ እጅ ደረትዎ ላይ፣ አንድ እጅ እምብርትዎ ላይ ያድርጉ። ሲያስገቡ የታችኛው እጅ ይነሣ፣ የላይኛው ብዙም አይንቀሳቀስ። ሕፃን ተኝቶ ሲተነፍስ የሚያዩት እንደዚህ ነው፤ አዋቂ ስንሆን፣ በተለይ ጭንቀት ሲበዛ፣ ትንፋሹ ወደ ደረትና ወደ ትከሻ ይወጣል። ሆድዎ እንዲነሣ አይግፉት፤ ድያፍራሙ ሲወርድ ራሱ ይነሣል። ካልተሳካልዎ በጀርባዎ ተኝተው ይሞክሩት።

አፍ ይዘጋ። አፍንጫ የወንጪን ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አሙቆና አርጥቦ፣ አቧራውን ይዞ ወደ ሳንባ ያሳልፋል። ለአእምሮም ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ክሪስቲና ዜላኖና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በአፍንጫ አየር በሚያስገቡበት ቅጽበት ፍርሃትንና ትዝታን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ሞገድ ከትንፋሹ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር፤ በአፍ ሲተነፍሱ ግን ይህ ደበዘዘ።

አራት አስገብቶ ስድስት ማስወጣት

አሁን ዋናው ልምምድ። በልብዎ እስከ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ ያስገቡ፤ እስከ ስድስት እየቆጠሩ በአፍንጫ ያስወጡ። ቆጠራው እንደ ሰዓት ሴኮንድ ይሁን። አንዱ ዙር አሥር ሴኮንድ ስለሚሆን በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይተነፍሳሉ ማለት ነው። ቁጭ ያለ ሰው በተለምዶ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አየር ያጠረዎት ሊመስልዎ ይችላል። ሲመስልዎ አይታገሉ። ሦስት አስገብተው አራት ያስወጡ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ያርዝሙት። ወንጪ አፋፍ ላይ ከአምቦ ይልቅ ማሳጠር ቢያስፈልግዎ አይግረምዎ፤ የከፍታው ጉዳይ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ስድስት ለምን ተመረጠ? በአንገትና በልብ አቅራቢያ ያሉ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የደም ግፊትን የሚለኩ ጠቋሚዎች አሉ። ግፊት ከፍ ሲል ልብ እንዲዘገይ፣ ዝቅ ሲል እንዲፈጥን ያደርጋሉ፤ ይህ ምልልስ አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ አሥር ሴኮንድ ይፈጅበታል። ትንፋሽም አሥር ሴኮንድ ሲሆን ሁለቱ ይገጥማሉ፤ የልብ ምት ከፍና ዝቅ ማለት ይሰፋል፣ ግፊትን የሚቆጣጠረው ምልልስም ይጠነክራል። ልምምዱ የሚያረጋጋው በምኞት አይደለም፣ በዚህ አሠራር ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቻኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያሳተሙት ጥናት እኔን በጣም ይነካኛል። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮቹን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ከዚያም የዮጋ ማንትራ እንዲደግሙ አደረጉ። ሁለቱም ትንፋሽን ወደ ስድስት አወረዱት፣ ሁለቱም የግፊት ምልልሱን አጠናከሩት። እዚህ ወንጪ ሐይቅ ውስጥ ባለችው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። መቁጠሪያ ይዞ እግዚኦታውን 41 ጊዜ የሚያደርስ አባት የትንፋሽ ልምምድ ልሥራ ብሎ አይደለም የሚጸልየው። ዓላማው ሌላ ነው። ነገር ግን እየተጣደፈ ካልሆነ ትንፋሹ የሚዘገየው በዚያው መንገድ ነው።

ይህን የማነሣው ብዙ አንባቢዎች "ዮጋ የሌላ እምነት አይደለም ወይ?" ብለው ስለሚያመነቱ ነው። ጥያቄው አክብሮት ይገባዋል። ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖታዊ ሕይወት መወለዱን መካድ አይገባም። ይህ መመሪያ የሚወስደው ግን አሠራሩን ብቻ ነው፤ ሳንባ፣ ድያፍራምና ቬገስ የየትኛውም እምነት ሰው አካል ናቸው። ማንትራ አያስፈልግዎትም። ቁጥር ይቁጠሩ፣ ወይም የራስዎን ጸሎት፣ ዚክር፣ ምስጋና ያድርጉበት። እንደዚያ ለምደው ያየኋቸው ሰዎች ከቁጥር ይልቅ አይሰለቹትም።

ከፍታ ላይ የዝግታው ጥቅም ሌላም ገጽ አለው። ከምናስገባው አየር ወደ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ በጎሮሮና በቧንቧዎች ይቀራል፤ ደም የሚገኝበት ቦታ አይደርስም። ሁለት ሰው በደቂቃ እኩል ስድስት ሊትር ቢተነፍሱ፣ አንዱ ግማሽ ሊትር በግማሽ ሊትር 12 ጊዜ፣ ሌላው አንድ ሊትር በአንድ ሊትር ስድስት ጊዜ፣ የመጀመሪያው 4.2 ሊትር፣ ሁለተኛው 5.1 ሊትር አየር ለሥራ ያደርሳል። ስለዚህ አፋፉ ላይ አጭር አጭር ከመተንፈስ ጥልቅና ዝግ ያለው ይሻላል።

እፎይ

ጭንቀቱ ድንገተኛ ከሆነና አምስት ደቂቃ ከሌለዎት ይህን ያድርጉ። በአፍንጫ በረጅሙ ያስገቡ፤ ሳንባው የሞላ ሲመስልዎ ሳያስወጡ ትንሽ ተጨማሪ ይሳቡ፤ ከዚያ በአፍ፣ በጣም በዝግታ፣ እስኪያልቅ ያስወጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የፈተና ወረቀት ሲታደል፣ ባስ መናኸሪያ ሁከት ሲነሣ፣ ልጅ ታሞ ካርድ ወጥቶ ተራ ሲጠበቅ ማንም ሳያይዎ ይሆናል።

ሰውነታችን ሳናውቀው በየአምስት ደቂቃው ገደማ አንድ እንዲህ ያለ ረጅም ትንፋሽ ይወስዳል፤ በሳንባ ውስጥ የተጨማደዱ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የሚከፈቱት በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰዎችን በቀን ለአምስት ደቂቃ፣ ለአንድ ወር አለማምደው ነበር። ይህን እፎይታ የደጋገሙት ሰዎች ስሜት ማሰላሰል ብቻ ከሠሩት ይልቅ ተሻሻለ፤ ቁጭ ባሉበት ጊዜ ያለው ትንፋሻቸውም ዘገየ።

በአንጎል ግንድ ውስጥ የትንፋሽን ምት የሚያመነጭ ፕሪ ቦትዚንገር የሚባል የነርቭ ስብስብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ተለይቶ ታወቀ። በ2017 ደግሞ ከዚያ ስብስብ ወደ አንጎል የማንቂያ ማዕከል መልእክት የሚልኩ ጥቂት ሕዋሳት መኖራቸው በአይጦች ላይ ታየ። ሕዋሳቱ ሲወገዱ አይጦቹ መተንፈሳቸውን ሳያቆሙ ረጋ አሉ። ጥድፍ ጥድፍ ያለ ትንፋሽ አንጎልን ራሱ "ንቃ፣ ተጠንቀቅ" እንደሚለው ይህ ያመለክታል።

የንብ ድምፅ

ብራማሪ ይሉታል፤ የንብ ጥዝታ ማለት ነው፣ ማር ላለበት ሰፈር አዲስ ድምፅ አይደለም። አፍዎን ገጥመው፣ ጥርስዎን ሳይነክሱ፣ በአፍንጫ ያስገቡና ሲያስወጡ "ምምም" እያሉ ያስወጡ። ድምፁ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ንዝረቱ ከንፈርና ግንባር ላይ ይሰማዎት። ከፈለጉ ጆሮዎን በጣትዎ ይድፈኑ። ከስድስት እስከ አሥር ጊዜ በቂ ነው።

ይህን የምወደው ሰውን ሳያስገድድ ትንፋሹን ስለሚያረዝምለት ነው። መቁጠር የሚያስጨንቃቸው ሰዎች አሉ፤ "ምምም" እያሉ ደግሞ ማንም ቶሎ ማስወጣት አይችልም። ስዊድናውያኑ ቫይትስበርግና ሉንድበርግ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳተሙት በአፍንጫ "ምምም" እያሉ ማስወጣት ዝም ብሎ ከማስወጣት ጋር ሲነጻጸር ከአፍንጫ ጎን ካሉት ባዶ ክፍሎች የሚወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ 15 እጥፍ ያሳድገዋል። ይህ ጋዝ የደም ሥሮችን ያሰፋል። ልጆች በጨዋታ መልክ ይወዱታል። ለመኝታ ሰዓትም ከሁሉ የተሻለ ይህ ነው።

በተራ በተራ

ናዲ ሾድሃና ደግሞ በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ አስገብቶ በሌላው ማስወጣት ነው። በቀኝ አውራ ጣትዎ የቀኙን ቀዳዳ ይዝጉ፣ በግራው ያስገቡ። ግራውን በቀለበት ጣትዎ ይዝጉ፣ አውራ ጣትዎን ያንሡ፣ በቀኙ ያስወጡ። በዚያው በቀኙ ያስገቡ፣ ዘግተው በግራው ያስወጡ። ይህ አንድ ዙር ነው። ጉንፋን ከያዘዎት ይተዉት።

የዮጋ መጻሕፍት ግራው ያቀዘቅዛል፣ ቀኙ ያሞቃል ይላሉ። የአፍንጫ ሁለቱ ቀዳዳዎች በየጥቂት ሰዓቱ እየተፈራረቁ እንደሚደፈኑና እንደሚከፈቱ ጀርመናዊው ሐኪም ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1895 መዝግቧል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የማረጋጋቱ ኃይል ከየትኛው ቀዳዳ መሆኑ ሳይሆን ከዝግታው የመጣ ይመስለኛል። ሐሳብ ለሚበታተንበት ሰው ደግሞ ጣትና ቀዳዳ መከታተሉ ራሱ ልብን ይሰበስባል።

ወንጪ ላይ የማይሞከሩት

ካፓላባቲና ባስትሪካ የሚባሉት ሆድን እየመቱ በኃይልና በፍጥነት የሚተነፈሱት ናቸው። ቪዲዮ ላይ ያማልላሉ። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ፈጽሞ አይሞክሯቸው። የአስም ሕመምተኛ በዝግታው ብቻ ይወሰን፣ መንፊያውንም ከጎኑ አይለይ።

ምክንያቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አምቦ ውሃ ከምድር ይዞት የሚወጣው፣ ጠርሙሱ ሲከፈት የሚንቸሰቸሰው ያው ጋዝ ማለት ነው። ብዙ ሰው ቆሻሻ ብቻ አድርጎ ያስበዋል፤ በደም ውስጥ ግን የአንጎልን የደም ሥሮች ስፋት የሚወስነው፣ ቀይ የደም ሕዋስ ኦክሲጅኑን ለአካል እንዲለቅ የሚያግዘው እሱ ነው። ሰው በጥድፊያ ሲተነፍስ ጋዙ ከደም ይሟጠጣል፤ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል፣ ልብ ይደነግጣል። አንዳንዱ አሰልጣኝ ይህን የኃይል መውረድ ብሎ ይተረጉመዋል። ኃይል አይደለም።

ውሃ ዳር ሲሆን ደግሞ ይገድላል። በፍጥነት ተንፍሶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያራገፈ ሰው ውሃ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ቢገባ "ውጣና ተንፍስ" የሚለው ግፊት ዘግይቶ ይመጣበታል፤ ኦክሲጅኑ ቀድሞ ያልቅና ራሱን ይስታል። ወንጪ ቀዝቃዛና ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ከመዋኘትዎ በፊትም ሆነ በውሃው ውስጥ የፍጥነት ትንፋሽ ወይም ትንፋሽ መያዝ አይለማመዱ፤ ጀልባ ላይ ሆነውም ቢሆን አይሞክሩት። መኪና ሲያሽከረክሩም እንደዚሁ።

ከሐይቁ ወደ አፋፉ ሲመለሱ

መውረዱ ቀላል ነው። መውጣቱ ላይ ፈረስ ካልተከራዩ ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር ያስማሙ፦ ሁለት እርምጃ እየሄዱ ያስገቡ፣ ሦስት እየሄዱ ያስወጡ። ዳገቱ ሲከብድ አንድ አስገብቶ ሁለት ማስወጣት ይሁን። አፍንጫዎ ብቻውን መቻል ሲያቅተው ፍጥነትዎን ይቀንሱ እንጂ አፍዎን ከፍተው አይሽቀዳደሙ።

ከአካባቢው ልጅ ጋር ራስዎን አያወዳድሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምራ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን አሳትማለች፤ በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። በባሌ ደጋ በሚኖሩ ኦሮሞዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሌላ መልክ አሳይቷል፤ የደጋ ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ አልተላመደም። በሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን የብር ሜዳሊያ ያገኘው ፈይሳ ሌሊሳ የተወለደውም በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ ጄልዱ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሳንባና ደም ለሥራው የኖረ ነው፤ እርስዎ ትናንት ከአዲስ አበባ መጥተው ዛሬ ሊደርሱበት አይገባም።

ቤት ከገቡ በኋላ

ልምምዱ የሚሠራው በየቀኑ ሲሆን ነው። ጠዋት ከቤተሰቡ ቀድመው ተነስተው አራት በስድስቱን አምስት ደቂቃ፣ ማታ የንቡን ድምፅ አሥር ጊዜ ይሥሩ። አንድ ቀን ካመለጠዎት በማግስቱ እጥፍ አያድርጉት፣ በዚያው መጠን ይቀጥሉ። የልብዎን ምት ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እየቆጠሩ በደብተር ቢይዙ ከሳምንታት በኋላ ለውጡን ራስዎ ይፈርዱታል። ለመማር መምህር የሚፈልጉ አዲስ አበባ ውስጥ የዮጋ ትምህርት የሚሰጡ አሉ፤ ዓለም አቀፉ የዮጋ ቀን ሰኔ 14 ሲደርስም የሕንድ ኤምባሲ ልምምድ ያዘጋጃል። መምህር ሲመርጡ ስለ ሕመምዎ ቀድሞ የሚጠይቅዎትን ይምረጡ።

ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ሰው ከባድ ነገር አይቷል፤ ዘመዱን የቀበረ፣ ቤቱን ጥሎ የሸሸ፣ ተኩስ ሰምቶ ያደረ። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን መከታተል ሲጀምር ከመረጋጋት ይልቅ ድንጋጤው ሊመለስበት ይችላል። ከደረሰብዎ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ዓይንዎን ይክፈቱ፣ እግርዎ መሬቱን ሲረግጥ ይሰማዎት፣ ዙሪያዎን አይተው አምስት ነገር በስም ይጥሩ፤ ትንፋሹን በራሱ ይተዉት። በሌላ ቀን ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው፣ ዓይን ሳይጨፍኑ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይሞክሩ።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ፍርሃቱ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ትንፋሽ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የግፊትም ሆነ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ልምምዱን ይጨምሩበት እንጂ መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ግፊትዎ እየወረደ ከመጣ የለኩበትን ቁጥር ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ።